ቦኖ ያልደረሰበት ሠፈር

ባለቤቴን አሰብ ያወረድኳት በጥር ነው። አስቤበት ነው። ሽማግሌዎቹ ሠርጉን ለግንቦት ሊቆርጡት ሲሉ «በግንቦት ፈቃድ አይሰጡኝም» ብዬ ያስለወጥኩት እኔው ነኝ። በጥር አሰብ ደግ ናት። ነፋሱ ከባሕር ይመጣል፣ ማታ ማታ ነጠላ ያስደርባል፣ ሰው በየደጁ ወጥቶ ይጫወታል። ከኮምቦልቻ ተነስታ ሁለት ቀን ሙሉ የጭነት መኪና ላይ ስትንገላታ ደረሰች። በማግስቱ ባሕሩ ዳር ወሰድኳት። ጫማዋን አውልቃ ውሃውን በእግሯ ነካ ነካ አደረገችና፣

«አንተ፣ እዚህ አገር እየኖርክ ነው በየደብዳቤው የምታማርረው?» አለችኝ።

ሳቅኩ። ስለ ሰኔ አልነገርኳትም። ስለ ሐምሌም አልነገርኳትም።

ያኔ በነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ በፈረቃ የምሠራ ኦፕሬተር ነበርኩ። ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ወደቡም ማጣሪያውም ከየክፍለ አገሩ ሰው ይጠሩ ነበር፤ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከአሥመራ፣ መካኒኩም በያጁም ጸሐፊውም ሻንጣውን ይዞ ይወርዳል። ቀድሞ የደረሰ የመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ ግንብ ቤት ያገኛል። እዚያ ቧንቧ አለ፣ ኮንዲሽነር አለ፣ የተተከለ ዛፍ እንኳ አለ። ዘግይቶ የመጣ ተራ ይጠብቃል። እኔ ከዘገዩት ነበርኩ። ስለዚህ እንደ ብዙው ሰው ከከተማው ጫፍ፣ አሸዋው ላይ፣ ቦታ ተመርቼ ቤት ሠራሁ።

ቤት ስል የጣውላ ቤት ነው። ወደብ ላይ ዕቃ የመጣበት ሣጥን ሲፈርስ ጣውላውን ሠራተኛው ይወስደዋል፤ ሠፈሩ በሙሉ የቆመው በዚያ ነው። በየቤቱ ግድግዳ ላይ የሩቅ አገር ፊደልና ቁጥር፣ የመርከብ ስም፣ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ይታያል። በእኛ አልጋ ራስጌ በኩል «ተሰባሪ ነው» ለማለት የሚሳለው የብርጭቆ ሥዕል ነበረ። አናጢው ጣውላውን ገልብጦ ስለመታው ብርጭቆው ተደፍቷል። ባለቤቴ የገባች ቀን አንገቷን አዘንብላ አየችውና «ይሄን እንኳ ቀና አድርጎ አይመታውም?» አለች። ልታስለውጠው አስባ ነበር። ሳይለወጥ አሥራ አንድ ዓመት ኖርንበት።

ጎረቤታችን ከበይሉል የመጡ የአፋር ሴት ነበሩ። ዓሣ አጥማጅ የነበሩት ባላቸው ከሞቱ በኋላ፣ ወደብ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ልጃቸው ጋ ገብተው ከምራታቸውና ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ይኖራሉ። ሠፈሩ ሁሉ «እናቴ» ይላቸው ነበር። አማርኛቸው ዐረብኛ የተቀላቀለበት ነው፤ ባለቤቴን «ቢንቲ» ይሏታል፣ ልጄ ሲሉ። ገና በመጣች ሳምንት አንድ ትልቅ ዓሣ በሳህን ይዘውላት መጡ። እሷ ደግሞ ዓሣ ማረድ አታውቅም። «ምኑን ነው የማርደው?» ብላ ስትጠይቃቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ አይለያዩም ነበር።

ግንቦት ገባ። ነፋሱ አቅጣጫውን ለወጠ፤ ከበረሃው ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ከፈረቃ ስመለስ ባለቤቴን የሲሚንቶው ወለል ላይ ውሃ ደፍታ ተጋድማ አገኘኋት። ጸጉሯ ረጥቧል። ቀና ሳትል፣

«ይሄ ስንት ቀን ይቆያል?» አለችኝ።

«እስከ መስከረም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «በጥር ያመጣኸኝ ለዚህ ነው» አለች።

«አዎ» አልኳት።

እንዴት እንደሚኖር ያስተማሯት ጎረቤታችን ናቸው። ጆንያ በውሃ ነክሮ መስኮት ላይ መስቀል፣ ምግብ ጎህ ሳይቀድ ማብሰል፣ ከረፋዱ በኋላ የከሰሉን ፎርኔሎ አለመንካት፣ አልጋውን ደጅ አውጥቶ ማደር። ከቀትር በኋላ ከተማው የሞተ ይመስላል፤ ሱቁም ቢሮውም ይዘጋል፣ ውሻ እንኳ አይታይም። ቬንትሌተር ነበረን፣ ግን የሚያመጣው ነፋስ ከምድጃ አፍ እንደሚወጣ ነው። ጨውና እርጥበቱ ሁሉን ይበላል፤ የበር ማጠፊያ፣ የልብስ ቁልፍ፣ የመርፌ ጫፍ ሳይቀር ይዝጋል። ከሁሉ የከፋው ግን ውሃው ነበር። ቧንቧ ሠፈራችን አልደረሰም። በሳምንት ሁለት ቀን የውሃ ቦቴ ይመጣል፣ በየደጁ የቆመውን በርሜል ይሞላል፣ ይሄዳል። ቦቴው በቀረ ቀን ካለችው ላይ እየቆጠብን እንጠብቃለን። ቀበሌው ቦኖ፣ የጋራ ቧንቧ፣ እንደሚያስገባልን በየስብሰባው ይነገረን ነበር።

ሠፈሩ ደግሞ ያድጋል። እኛ ስንገባ ከእኛ በኋላ አሸዋ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ከኋላችን ሦስት ረድፍ ቤት ቆመ፤ በአራተኛው ዓመት ከደጃችን ባሕሩ አይታይም ነበር። የቦቴው ቁጥር ግን ያው ነው። ትምህርት ቤቱ በፈረቃ ሆነ፣ ጠዋት አንዱ ከሰዓት ሌላው፣ ልጆቹ እንደ አባቶቻቸው ፈረቃ ይገባሉ ብለን እንቀልድ ነበር።

ትልቋ ልጃችን በዓመቱ ተወለደች፣ ትንሿ ከሁለት ዓመት በኋላ። ከደጋ የመጣን ሠራተኞች አንድ ልማድ ነበረን፤ ግንቦት ሲጋመስ ሚስትና ልጆችን በጭነት መኪና አሳፍረን ወደየመጣንበት እንሸኛለን፣ መስከረም ሲጠባ ይመለሳሉ። በእነዚያ ወራት ሠፈሩ የወንዶች ካምፕ ይሆናል። እኔም አምስት ክረምት ሸኘኋቸው። ቡና ቤት ፓስታ እበላለሁ፣ በሽርጥ ደጅ ተቀምጬ የማጣሪያውን ነበልባል አያለሁ፣ ደብዳቤ እጽፋለሁ። በደብዳቤ አባት መሆን ግን አይቻልም። በአምስተኛው ዓመት መስከረም ላይ ሲመለሱ ትንሿ ሦስት ዓመት ሊሆናት ነበር። መጀመሪያ ቀን አልቀርብም አለችኝ። ሲመሽ አልጋ ሳወጣ እያየችኝ እናቷን፣

«እማዬ፣ ይሄ ሰውዬ እኛ ጋ ነው የሚያድረው?» አለቻት።

ያን ዓመት ግንቦት ሲመጣ እኔ መኪና ልፈልግላቸው ስዘጋጅ፣ እሷ ልብስ እያጠፈች ቀስ ብላ፣

«ዘንድሮ አንሄድም» አለች።

«ልጆቹስ?»

«ጎረቤታችን እናቴ የልጅ ልጆች የላቸውም? እዚሁ ተወልደው እዚሁ አይደል የሚያድጉት? በዓመት አራት ወር ባል የለኝም፣ እነሱም አባት የላቸውም። እንዲህ ያለ ኑሮ ታከተኝ።»

እኔም ታክቶኝ ነበር። እሺ አልኩ።

ሰኔን እንደ ምንም ገፋነው። ልጆቹ ሰውነታቸው በሽፍታ ተሞላ። ትልቋ እያከከች ታለቅሳለች፣ ትንሿ ዝም ትላለች፤ የእሷ ዝምታ የበለጠ ያስፈራኝ ነበር። ከፈረቃ ስወጣ በረዶ በጆንያ ጠቅልዬ አመጣለሁ፤ ቤት እስክደርስ ግማሹ ይቀልጣል፣ ግማሹን ልጆቹ ይልሱታል። ይሁን እንጂ አብረን ነበርን። ማታ ማታ ባሕር እንወርዳለን። ትንሿ ትከሻዬ ላይ መውጣት ጀመረች። ባለቤቴ አንድ ቀን «ደግ አደረግን አይደል?» ብላ ጠየቀችኝ። ደግ አደረግን አልኩ።

ሐምሌ ላይ ቦቴው ቀረ። ከተማውን ከሚያጠጡት ጉድጓዶች ውሃ የሚገፋው ሞተር ተበላሽቷል፣ መለዋወጫው እስኪመጣ ታገሱ ተባለ። ሁለት ቀን ታገስን። አምስት ቀን ታገስን። በርሜላችን ውስጥ የቀረው ከታች የሚቀመጠው ዝገት የቀላቀለ ውሃ ነበር፤ በነጠላ እያጠለልን ጠጣን። ልብስ አይታጠብም፣ ገላ አይታሰብም። የሚያናድደው ግን ሌላ ነው። በሠፈራችን ዳር በሚያልፈው አስፋልት በየቀኑ ሁለት ቦቴ ይሄድ ነበር፤ ወደ ባለሥልጣናቱ መኖሪያ። ያለው ጥቂት ውሃ መጀመሪያ እዚያ ይደርሳል። ከኋላው ውሃ እያንጠባጠበ ሲያልፍ ልጆች ከአስፋልቱ ላይ እርጥቡን በእጃቸው ይነኩት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ትንሿ ታመመች። ያስቀምጣት ጀመር፣ ትኩሳቷ ወጣ። እኔ የጠዋት ፈረቃ ገብቻለሁ። ባለቤቴ አዝላት ክሊኒክ ሄደች። ነርሷ ጨውና ስኳር በፈላ ውሃ በጥብጠሽ ስጫት፣ ደጋግመሽ ስጫት፣ ውሃ እንዳታጣ አለቻት። ባለቤቴ «እሺ» ብላ ተመለሰች። ቤት ደርሳ በርሜሉን ከፈተች። ከዚህ በኋላ የሆነውን እኔ አላየሁም፤ ከእሷና ከጎረቤታችን አፍ የሰማሁትን ነው የምናገረው።

ልጅቷን ለጎረቤታችን ምራት ሰጠች። በርሜሉን ገፍታ ጣለችውና እያንከባለለች ወደ አስፋልቱ ወሰደችው። ባዶ በርሜል አሸዋ ላይ ድምፅ የለውም፣ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ግን ሠፈር ይቀሰቅሳል። ጎረቤታችን ወጥተው፣

«ቢንቲ፣ ወዴት ነው?» አሏት።

«ውሃ ልቀዳ» አለች።

አሮጊቷ ትንሽ አዩዋት። ከዚያ የራሳቸውን በርሜል ገፉት። የአንዱ ሾፌር ሚስት ተከተለች፣ የመምህሩ ሚስት ተከተለች። ቦቴው ሊያልፍ ሲደርስ አስፋልቱ ላይ ከዳር እስከ ዳር በርሜል ተደርድሯል፤ በእያንዳንዱ በርሜል ላይ አንዲት ሴት ተቀምጣለች። አልጮኹም፣ አልዘመሩም። ፀሐዩ ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል።

የቦቴው ሾፌር ሸበቶ ሰው ነው። መኪናውን አቁሞ ወረደ።

«እህቶቼ፣ ውሃው የኔ አይደለም» አለ።

«እናውቃለን» አለችው ባለቤቴ። «አንተን አልተቀየምንህም። ግን በላያችን ካልነዳህ አታልፍም።»

ሰውዬው በፎጣው ፊቱን ጠረገ። የሴቶቹን ፊት አየ፣ የመኪናውን ሞተር ክዳን ከፈተና አየ። ከዚያ ለሁሉም እንዲሰማ፣

«ሞተሩ ግሏል። እስኪበርድ አይነሳም። እኔ ልጋደም፤ ከኋላዬ የሚሆነውን አላይም» አለ። የመኪናው ጥላ ሥር ገብቶ ፎጣውን ፊቱ ላይ ጣል አደረገ።

ተሻምተው የሚደፉት መስሎኝ ነበር ስሰማው። አልተሻሙም። ጎረቤታችን ቱቦውን ራሳቸው ያዙ። መጀመሪያ የታመመ ልጅ ያላት፣ ቀጥሎ የምታጠባ፣ ቀጥሎ እርጉዝ፤ ለሁለት ቤት አንድ በርሜል። በመሐል አንድ የአብዮት ጥበቃ ሰው ጠመንጃውን አንግቶ እየሮጠ መጣ። ሊቆጣ አፉን ሲከፍት ሚስቱ ሦስተኛዋ በርሜል ላይ ተቀምጣለች። አያት፣ አየችው። «ጀሪካን ይዘህ ና እንጂ ምን ታያለህ?» አለችው ይባላል። ይዞ መጣ ይባላል። ይህን ሲነግሩኝ ብቻ ነው ያን ሳምንት የሳቅኩት፤ እሱም ቆይቶ ነው።

እኔ መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። የፈረቃው አለቃ መጥቶ ጎኔ ቆመና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«እናንተ ሠፈር ሴቶች መንገድ ዘግተዋል አሉ። የጀመረችው ያንተ ባለቤት ናት ነው የሚባለው። ሂድ፣ እኔ እሸፍንልሃለሁ» አለኝ።

ያንን ዘመን ያላየ ሰው ለምን እንደፈራሁ አይገባውም። ሰው ከዚያ ባነሰ ነገር ከቤቱ ይወሰድ ነበር። በሥራ ልብሴ እንዳለሁ እየሮጥኩ ስደርስ አስፋልቱ ባዶ ነው፤ ቦቴውም ሴቶቹም የሉም። ቤት ገባሁ። ባለቤቴ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ልጅቷን በማንኪያ ውሃ ታጠጣለች። እኔ ቆሜ ጮኽኩባት። ልታስበዪን ነው ወይ አልኳት። ሥራዬን አላሰብሽም፣ እኔን አላሰብሽም፣ ለማን ብለሽ ነው አልኳት። ጎረቤት ይሰማል ብዬ እንኳ አላፈርኩም። እስክጨርስ ጠበቀችኝና፣

«ግንባሯን ንካ» አለችኝ።

ነካሁ። ላብ ወጥቷት ቀዝቅዟል። ከንፈሯ ረጥቧል። ማንኪያውን በሁለት እጇ ይዛ ለራሷ ትጎትታለች። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

እሑድ ቀበሌ ተጠራን። አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ውስጡ ቀን ቀን መቀመጥ ራሱ ቅጣት ነው። የሠፈሩ ሰው ሁሉ መጥቷል። ሊቀ መንበሩ ተናገረ፣ ከበላይ የተላከ ካድሬ ተናገረ፤ አብዮቱ በጠላት በተከበበበት ሰዓት መንገድ መዝጋት ምን እንደሚባል አስረዳን። ከዚያ ባለቤቴ ወጥታ ግለ ሂስ እንድታደርግ ተጠየቀች። ወጣች። ቀይ አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሳ ነበር፤ ሌላ ንጹሕ ልብስ አልነበራትም።

«ጓዶች፣ መንገድ ዘግቻለሁ። መንገድ መዝጋት ጥፋት ከሆነ አጥፍቻለሁ። ልጄ ታማ ነበር፣ ቤቴ ውሃ አልነበረም፣ ውሃው ደግሞ በደጄ ያልፋል። ሌላ የማውቀው የለም» አለች።

ካድሬው «ከኋላሽ ማን አለ? ማን ነው የመከረሽ?» አላት። በዚህ ጊዜ ጎረቤታችን በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ጓድ፣ ከኋላዋ እኔ ነበርኩ» አሉ። «በርሜሉ ከባድ ነው፣ ገፋሁላት። እኔ አሮጊት ነኝ፣ ሌላ ምክር አላውቅም።»

አንዳንድ ሰው ሳል መስሎ ሳቀ። ካድሬው ፊቱን አኮሳተረ። ዐይኑን በሕዝቡ ላይ አዞረና «ባለቤቷ አለ?» አለ። ተነሳሁ። «ምን ትላለህ?» አለኝ።

ልለው የሚገባኝን ዛሬ ድረስ አውቀዋለሁ። ያን ቀን ግን ጫማዬን እያየሁ «አይደገምም» አልኩ። «አይደገምም ጓድ።» ብዬ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ ፊት ለፊት ቆማ ነበር። አልተመለከተችኝም።

አላሰሯትም። ማስጠንቀቂያ ተሰጣትና፣ ያልጠበቅነው ሌላ ነገር ተጨመረ፤ በሠፈሩ የውሃ ኮሚቴ ውስጥ እንድትሠራ ተመደበች። ቅጣት ይሁን ሹመት እስካሁን አልገባኝም። የሞተሩ መለዋወጫ በነሐሴ መጨረሻ መጣ፤ እስከዚያ በየሦስት ቀኑ አንድ ቦቴ ይሰጠን ነበር። ቦኖውም፣ ስንት ዓመት የተወራለት፣ በታኅሣሥ ገባ። ቀይ ጥብጣብ ተቆረጠ፣ ንግግር ተደረገ፣ ውሃው መጀመሪያ ቡናማ ሆኖ ቀጥሎ ጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ። ቁልፉ ለባለቤቴ ተሰጠ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ውሃው በሳምንት ሦስት ቀን፣ ያውም ጥቂት ሰዓት ነበር የሚመጣው። ቦኖው የተተከለው ለሠፈሩ ሰው ነበር፣ ነገር ግን ሠፈሩ አደገ፤ አዲስ ረድፍ፣ አዲስ ጣውላ፣ አዲስ ልጅ። ከባቲ፣ ከወልድያ፣ ከመቀሌ ሰው ይመጣል። ከራሔይታ ድርቅ ያባረራቸው አርብቶ አደሮች ዳር ላይ ሰፈሩ። ወረፋው በጎህ ይጀምርና ፀሐይ አናት ላይ ሲደርስ አያልቅም። ባለቤቴ ቁልፉን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እዚያ ትውላለች። አንዱ ጀሪካኑን አስቀድሞ አስቀምጦ ተራ ያዝኩ ይላል፣ ሌላዋ የእህቷን ልጅ አስጠግታ ሁለት ጊዜ ትቀዳለች። ሁሉንም የምትዳኘው እሷ ናት። ያን ቀን በርሜል ላይ አብረዋት የተቀመጡት ሴቶች «ላንቺማ ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነው» ይሏት ጀመር። እሷም የመጨረሻዋ ካልሆነች አትቀዳም ነበር፤ አንዳንድ ቀን ውሃው ሳይደርሳት ይቆማል። እኔ «ቁልፉን መልሺላቸው፣ ተይው» እላታለሁ። «ለማን?» ትለኛለች።

አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ድምፅዋ ሻከረ። ቤት ስትገባ ልጆቹን በጣም ትቆጣቸው ነበር፣ ከዚያ ትጸጸታለች። ትልቋ አንድ ቀን «እማዬ እዚያ ለሰው ሁሉ ትናገርና ለእኛ ትዕግሥት አይተርፋትም» አለችኝ። የአሥር ዓመት ልጅ ናት። ለእናቷ አልነገርኩባትም።

ከዚያ የቤት ተራዬ ደረሰ። ደብዳቤው ሲመጣ ተስፋ ከቆረጥኩ ቆይቼ ነበር። ግንብ ቤት፣ ሁለት መኝታ፣ ኮንዲሽነር፣ ባኞ ቤት ያለው። ወረቀቱን ሳሳያት ደስታዋን ጠበቅኩ። ሁለት ጊዜ አነበበችውና፣

«ቁልፉን ለማን ልስጥ?» አለች።

ለጎረቤታችን ምራት ሰጠችና ገባን። የገባን ዕለት መኝታ ቤቱን ዘግታ፣ ኮንዲሽነሩን ከፍታ፣ ብርድ ልብስ ለብሳ ተኛች። ሁለት ቀን ያህል ለምግብ ብቻ ነበር የምትነሳው። ሐሰት አልናገርም፣ ኑሮው ጥሩ ነበር። የልጆቹ ሽፍታ ጠፋ፣ ማጥናት ቻሉ። ቧንቧ ሲከፈት ውሃ ይመጣል፤ ትንሿ መጀመሪያ ሰሞን እየከፈተች ትዘጋው ነበር። ክረምቱም እንደ ድሮው አያስፈራም። ለዚህ ነበር ስንደክም የኖርነው።

ግን በሩ ዝግ ነው፣ የሁሉም በር ዝግ ነው። ብርዱ እንዳይወጣ ሰው ከጎረቤቱ ጋር በመስኮት አይነጋገርም። የግቢው መግቢያ ላይ ደግሞ ጥበቃ አለ። አንድ ቀን የድሮ ሠፈራችን ሄጄ የጎረቤታችንን ልጅ አገኘሁት። ጨዋታ መሐል «እናቴ እኮ ሊጠይቋችሁ መጥተው ተመለሱ» አለኝ። ዓሣ በዘንቢል ይዘው፣ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው ሄደው፣ በሩ ላይ መታወቂያና የተጠሪ ስም ተጠየቁ። መታወቂያ አልያዙም። ስማችንን ደግሞ «የቢንቲ ቤት» እንጂ ሌላ አያውቁትም። ጥቂት ቆመው ጠበቁና ተመለሱ። እኛ ጋ መልእክት እንኳ አልደረሰም።

ለባለቤቴ ነገርኳት። በዚያው ሰዓት ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ስትመለስ ጨልሟል፣ ዓሣ ዓሣ ትሸታለች፣ ዐይኗ አብጧል። «ምን አሉሽ?» አልኳት። «ምን ይላሉ? ‹ቤትሽ ትልቅ ሆነ› አሉኝ» አለች። ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን እሷ ትሄዳለች እንጂ እሳቸው ዳግመኛ አልመጡም።

አንድ ጊዜ፣ እዚያው ግንብ ቤት ውስጥ፣ ስለ ቀበሌው ስብሰባ አነሳሁባት። ያን ቀን እንዲያ ብዬ መቀመጤ ሁልጊዜ ይቆጨኛል አልኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«ሁለታችንንም ቢወስዱን ልጆቹን ማን ይይዝ ነበር?» አለች።

«እንዲያ ብዬ አስቤ አይደለም ያን የተናገርኩት። ፈርቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ተወው።» ሽንኩርቱን መላጥ ቀጠለች። ይቅር ብላኝ ይሁን ደክሟት ይሁን አልጠየቅኩም።

ግንቡ ቤት ሁለት ዓመት ኖርን። ጦርነቱ እየገፋ መጣ፣ የመንገዱ ወሬ በየሳምንቱ ይከፋ ነበር፣ ቤተሰብ ያለው ሁሉ ቤተሰቡን ማውጣት ጀመረ። እኔ ግን ዳግመኛ ልሸኛቸው አልፈለግኩም። ሥራዬን ለቀቅኩ። አለቃዬ «ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ?» አለኝ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ነው አልኩት።

ከመሄዳችን በፊት ሁላችንም ጎረቤታችንን ልንሰናበት ሄድን። እሳቸው በይሉል ለቅሶ ሄደዋል፣ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም አለች ምራታቸው። እሷም ቦኖውን ለሌላ ካስረከበች ቆይታለች። ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ጥቂት ተቀመጠች። ሠፈሩን አላወቅኩትም፤ ቤቱ እስከ ኮረብታው ሥር ደርሷል፣ በእኛ ጣውላ ቤት ሰባት ልጆች ያሉት ቤተሰብ ገብቶበታል። ቬንትሌተራችንንና ብርድ ልብሱን ለምራትየዋ ትተን ተመለስን።

በማግስቱ ሙቀቱ ሳይበረታ ተነሳን። ትልቋና ትንሿ ከኋላ ዕቃው ላይ ከእኔ ጋር፣ ባለቤቴ ከሾፌሩ ጎን። ልጆቹ ወደ ባሕሩ ዞረው እስኪሰወር ድረስ ያዩት ነበር። በረሃው ውስጥ ባለችው ቡሬ፣ ኬላው ላይ ለፍተሻ ስንቆም ወርጄ በመስኮት አየኋት። ራሷን በሩ ላይ አስደግፋ፣ አፏን ትንሽ ከፍታ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ ዘርግታ እንቅልፍ ወስዷታል። ሾፌሩ «ገና ከከተማው ሳንወጣ ነው የተኙት» አለኝ። ወታደሩ መታወቂያዋን ጠየቀ። ከቦርሳዋ ውስጥ ቀስ ብዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ አልቀሰቀስኳትም።